ትስስር የቁጠባ ሰነድ አይደለም፦ ስለ ሕይወት ሞለኪውሎች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሕይወት ሞለኪውሎችና ስለ ኬሚካላዊ ትስስሮቻቸው በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህንን ነው። ሕይወት የቆመችው በጠንካራ ትስስሮች ላይ ነው፤ የሃይድሮጅን ትስስር የሚባለው በሁለት ሃይድሮጅኖች መካከል የሚፈጠርና እዚህ ግባ የማይባል ነው። ምግብም ሆነ ኤቲፒ (ሴሎች ለሥራቸው ኃይል የሚቀባበሉበት ሞለኪውል) ኃይልን በትስስሮቻቸው ውስጥ አምቀው ይይዛሉ፤ ትስስሩ ሲበጠስ ኃይሉ ይወጣል። ጭድ መብላት ያልቻልነው የጭድ ትስስር ከእንጀራው ስለሚጠነክር ነው። ዘይትና ውሃ የማይቀላቀሉት ስለሚገፋፉ ነው። በፋብሪካ የተሠራ ቫይታሚን ከተፈጥሮው ጋር ፈጽሞ አንድ ሊሆን አይችልም። በመጨረሻም እንቁላል ሲቀቀል የፕሮቲኑ ሰንሰለት ስለሚበጣጠስ ለልጆች ጥሬውን ከወተት ጋር መትቶ መስጠት ይሻላል። ይህ የመጨረሻው ምክር ባይኖር ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

ጽሑፉ ትክክል የሆነበትን አስቀድሜ ላንሳ። ከሰው አካል ክብደት 96 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከኦክስጅን፣ ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከናይትሮጅን የተሠራ መሆኑ፣ ካርቦንም በአራት አቅጣጫ መተሳሰር በመቻሉ የረጃጅም ሰንሰለቶች አከርካሪ መሆኑ በጥሩ አማርኛ ተገልጿል። ችግሩ ያለው ጸሐፊው ስለ ትስስር በአእምሮው በያዘው ሥዕል ላይ ነው። በክፍል ውስጥ «ቦንድ» እያልን የምንጠራው ቃል ለብዙዎቻችን አስቀድሞ የሚያስታውሰን የሕዳሴውን ግድብ ቦንድ ነው፤ ገዝተን መሳቢያ ውስጥ የምናስቀምጠውን፣ ጊዜው ሲደርስ ከነወለዱ የምንመነዝረውን ወረቀት። አብዛኞቹ የጽሑፉ ስህተቶች ከዚሁ ሥዕል የመነጩ ይመስለኛል። ትስስር ግን እንደ ሰነድ የሚቀመጥ ወይም እንደ ገመድ የሚበጠስ ራሱን የቻለ ዕቃ አይደለም። ሁለት አተሞች ተቀራርበው ሲቆሙ የሚኖራቸው ኃይል ተለያይተው ሳሉ ከነበራቸው ሲያንስ፣ በዚያ ዝቅተኛ የኃይል ደረጃ ላይ መገኘታቸውን ነው ትስስር የምንለው። ጉድጓድ ውስጥ የገባ ኳስን ማሰብ ይጠቅማል፤ ኳሱ ሲገባ ኃይል ይለቀቃል፣ ለማውጣት ግን መድከም ያስፈልጋል።

ከሃይድሮጅን ትስስር እንጀምር። «በሁለት ሃይድሮጅኖች መካከል የሚፈጠር» የሚለው ስያሜው ያመጣው ስህተት ነው፤ ሁለት ሃይድሮጅኖችን የሚያገናኘው የሃይድሮጅን ጋዝን ሞለኪውል የሚሠራው ጠንካራ ኮቫለንታዊ ትስስር (አተሞች ኤሌክትሮኖችን በመጋራት የሚፈጥሩት) ነው። የሃይድሮጅን ትስስር ሌላ ነው። እንደ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ያሉ፣ ኤሌክትሮኖችን አጥብቀው ወደ ራሳቸው የሚስቡ አተሞች ከሃይድሮጅን ጋር ሲተሳሰሩ ሃይድሮጅኑ ላይ ጥቂት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይቀራል፤ ይህም ሃይድሮጅን በአጠገቡ ወዳለ የሌላ ሞለኪውል ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ይሳባል። ጸሐፊው የዚህን ትስስር ደካማነት በቁጥር አሳይቷል፤ ቁጥሩም ከእውነት የራቀ አይደለም። በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተሳሰሩበት ኮቫለንታዊ ትስስር በሞል (ኬሚስቶች የሞለኪውሎችን ብዛት በሚሰፍሩበት አሃድ) 460 ኪሎ ጁል ገደማ ሲሆን፣ አንዱን የውሃ ሞለኪውል ከሌላው የሚያገናኘው የሃይድሮጅን ትስስር 20 ኪሎ ጁል አካባቢ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ለሕይወት ያለው ድርሻ ኢምንት ነው» ማለት ግን ከቁጥሩ የማይወጣ ድምዳሜ ነው። ሞለኪውሉ ከውሃ ሞለኪውል የሚከብደው፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። በመካከላቸው ላለው የ160 ዲግሪ ርቀት ዋናው ምክንያት ይኸው ኢምንት የተባለው ትስስር ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ በምድራችን ሙቀት ላይ የምንጠጣው ውሃ ሳይሆን የምንተነፍሰው እንፋሎት ብቻ ይኖረን ነበር።

የደካማውንና የጠንካራውን ትስስር የሥራ ክፍፍል ለማየት የሴቶች ፀጉር ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ የኬራቲን ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው በተለይ በሁለት ዓይነት መንገድ ተያይዘዋል፤ በብዙ ሺህ የሃይድሮጅን ትስስሮችና ሁለት የሰልፈር አተሞች በሚፈጥሩት ዳይሰልፋይድ በሚባል ኮቫለንታዊ ትስስር። ፀጉር ሲተኮስ ሙቀቱ የሃይድሮጅን ትስስሮቹን ይፈታል፤ ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ሲቀዘቅዝም በአዲሱ ቅርጽ እንደገና ይተሳሰራሉ። ታዲያ ያቺው ሴት ወጥታ ካፊያ ሲያገኛት ውሃው በሰንሰለቶቹ መካከል ገብቶ አዲሶቹን የሃይድሮጅን ትስስሮች ይፈታና ፀጉሯ ወደ ጥቅልሉ ይመለሳል። ፀጉር በኬሚካል ሲለሰልስ ግን የሚነካው ዳይሰልፋይዱ ነው፤ ስለዚህ ዝናብ ቢመታውም አይመለስም፤ ከሥሩ አዲስ የሚበቅለው ብቻ ጥቅልል ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም ትስስሮች ሥራ አላቸው፤ አንዱ ቅርጽን ለዘለቄታው ይይዛል፣ ሌላው ለመፈታትና ለመታሰር ይመቻል።

ሕይወት ደግሞ መፈታትና መታሰርን አጥብቃ ትፈልጋለች። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት የዲኤንኤ (የዘር መረጃን የሚይዘው ሞለኪውል) ሞዴል ትልቁ ውበት እዚህ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ክር አከርካሪ በኮቫለንታዊ ትስስር የተያያዘ ስለሆነ ፊደል የምንላቸው አሃዶቹ ቅደም ተከተላቸው አይበታተንም፤ ሁለቱ ክሮች ግን እርስ በርስ የተያያዙት በሃይድሮጅን ትስስሮች፣ በአዴኒንና በታይሚን መካከል ሁለት፣ በጓኒንና በሳይቶሲን መካከል ሦስት፣ እንዲሁም እንደ እንጀራ የተደራረቡት ፊደሎች እርስ በርስ በሚያደርጉት መሳሳብ ነው። ክሮቹ በኮቫለንታዊ ትስስር ቢጣበቁ ኖሮ እነሱን ከፍቶ መገልበጥ እጅግ አዳጋች ይሆን ነበር፤ አሁን ግን ባክቴሪያ ሲራባ የመቅጃው ማሽን በሴኮንድ እስከ 1,000 ጥንድ ፊደል ድረስ እየከፈተ ይሄዳል። በኮቪድ ጊዜ ፒሲአር ለሚባለው ምርመራ ናሙና የሰጠ ሰው ሁሉ የዚህ ልዩነት ተጠቃሚ ነበር፤ ምርመራው ዲኤንኤን ወደ 95 ዲግሪ አሙቆ ሁለቱን ክሮች ይለያያል፣ አከርካሪዎቹ ግን እንዳሉ ይቆያሉ። ጠንካራውና ደካማው በአንድ ሞለኪውል ላይ ባይጣመሩ ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

በዚሁ ክፍል ጸሐፊው አዮናዊ ትስስርን (በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ ቻርጆች መሳሳብ የሚፈጠረውን) «ከሁሉም የማይበገር» ሲል አስቀምጦታል። ደረቅ ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ እንደሚፈልግ እውነት ነው፤ ያው ጨው ግን ወጥ ውስጥ ሲገባ በደቂቃ ይሟሟል። ውሃ በቻርጆች መካከል ያለውን መሳሳብ ወደ 80 እጥፍ ስለሚያዳክመው፣ የአንድ ትስስር ጥንካሬ የት ቦታ እንዳለ ሳይጠየቅ ሊነገር አይችልም። ሴል ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ኃይልን የሚመለከተው ነው። ይህ ስህተት የጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ በተማርኩባቸውም ባስተማርኩባቸውም ክፍሎች ሲነገር ሰምቼዋለሁ፣ እኔም በጀማሪነቴ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ትስስር ሲበጠስ ኃይል አይወጣም። ማንኛውንም ትስስር ለመበጠስ፣ ያለ አንዳች ልዩነት፣ ኃይል መክፈል ግድ ነው፤ ኃይል የሚገኘው አዲስ ትስስር ሲፈጠር ነው። ከሰል ዝም ብሎ የማይቀጣጠለው፣ ክብሪትና ማራገቢያ የሚፈልገው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ የሚከፈል ነገር አለ። በቁጥር እንየው፤ የባዮጋዝ ምድጃ ላይ የሚነደውን ሚቴን እንውሰድ። በአንዱ ሞለኪውል ውስጥ አራት የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስሮች አሉ፤ እያንዳንዱ በሞል 413 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። አብረውት የሚነዱት ሁለት የኦክስጅን ሞለኪውሎች እያንዳንዳቸው 498 ይፈልጋሉ። ሁሉንም ለመበጠስ የምንከፍለው በድምሩ 2,648 ነው። ከዚያ በሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሁለት የካርቦንና የኦክስጅን ጥንድ ትስስሮች እያንዳንዳቸው 799፣ በሁለቱ የውሃ ሞለኪውሎች ውስጥ ደግሞ አራት ትስስሮች እያንዳንዳቸው 463 ኪሎ ጁል ይመልሱልናል፤ ድምሩ 3,450። ድስቱን የሚያሞቀው ልዩነቱ፣ 802 ኪሎ ጁል ነው። በሚቴን ትስስሮች ውስጥ የተቀመጠ፣ ሲበጠሱ የሚፈስስ ነገር በዚህ ስሌት ውስጥ የትም የለም። ይልቅስ ቁጥሮቹን ልብ ብሎ ላየ፣ ሁለት ኦክስጅኖችን የሚያያይዘው ጥንድ ትስስር ከሚተኩት ትስስሮች ጋር ሲነጻጸር ልል መሆኑ ይታየዋል። «እንጀራ ኃይል ሰጪ ነው» ስንል የምንተነፍሰውን አየር ከሒሳቡ እያወጣነው ነው፤ ያለ ኦክስጅን ያው እንጀራ ያንን ያህል አይሰጥም።

ኤቲፒም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ሞለኪውሉን ካርል ሎማን በ1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ካገኘው በኋላ፣ ፍሪትዝ ሊፕማን በ1941 «በኃይል የበለጸገ የፎስፌት ትስስር» የሚል አጠራር አስለመደ፤ ሊፕማን ማለት የፈለገውን ያውቅ ነበር፣ አጠራሩ ግን ከእሱ በኋላ የመጣውን ተማሪ ሁሉ ሲያሳስት ኖሯል። የኤቲፒ የመጨረሻ ፎስፌት በውሃ ሲለያይ በመደበኛ ሁኔታ በሞል 30.5 ኪሎ ጁል ነፃ ኃይል (ለሥራ ሊውል የሚችል ኃይል) ይገኛል፤ በሴል ውስጥ ባለው ሁኔታ ደግሞ እስከ 50 ይጠጋል። ይህ የሚሆነው ግን በአንድ ላይ ታጭቀው የነበሩት ኔጌቲቭ ቻርጆች ተለያይተው ስለሚተነፍሱ፣ የተለየው ፎስፌት ኤሌክትሮኖቹን በሰፊው ስለሚያደላድልና ውሃም ውጤቶቹን ከመነሻው በተሻለ አቅፎ ስለሚይዛቸው ነው። በአጭሩ መድረሻው ከመነሻው ዝቅ ይላል። ደግሞም ኤቲፒ የቁጠባ ቦንድ ነው ማለት ከቁጥሩ ጋር አይሄድም። ሰውነታችን በአንድ ቅጽበት የሚይዘው ኤቲፒ ቢበዛ ከሩብ ኪሎ ግራም የማይዘል ሲሆን፣ በአንድ ቀን የሚያገላብጠው ግን የራሱን ክብደት ያህል ይጠጋል። ከመሳቢያ ሰነድ ይልቅ በታክሲ ረዳት እጅ ላይ ያለ ዝርዝር ብርን ይመስላል፤ ሲቀበል ሲመልስ ይውላል እንጂ አያድርም።

ስለ ጭድ የተባለው በአጭሩ የሚመለስ ነው። የጤፍ እህል ስታርችና የጤፍ ጭድ ሴሉሎስ ሁለቱም የግሉኮስ ሰንሰለቶች ናቸው፤ የሚያያይዛቸውም ያው በኦክስጅን በኩል የሚያልፍ ትስስር ነው። የሚለያቸው የማያያዣው አቅጣጫ ነው፤ በስታርች አልፋ፣ በሴሉሎስ ቤታ ይባላል። አልፋው ሰንሰለቱን ይጠመዝዘዋል፤ ቤታው ቀጥ አድርጎ ጎን ለጎን በሃይድሮጅን ትስስሮች እንዲታሸግ ያደርገዋል። የእኛ ኤንዛይሞች (ምግብን የሚሰባብሩ ፕሮቲኖች) ለአልፋው ቅርጽ የተቀረጹ ቁልፎች ናቸው። ላምም ብትሆን ለቤታው የሚሆን የራሷ ኤንዛይም የላትም፤ በሆዷ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚከፍቱላት።

ዘይትና ውሃ «ይገፋፋሉ» የሚለው ግን ትንሽ ያቆየናል፤ ለመፈተን ቀላል ነውና። ውሃ በሞላ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አድርጎ ማየት ነው። ውሃው ዘይቱን የሚገፋ ቢሆን ጠብታው ራሱን ሰብስቦ ድቡልቡል በሆነ ነበር፤ ንጹሕ ውሃ ላይ ግን ተዘርግቶ ይሰፋል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለንደን አጠገብ ባለ ኩሬ ላይ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ዘይት ጠብ አድርጎ ግማሽ ኤከር የሚያህል ስፋት ሲሸፍን ማየቱን በ1774 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አሳትሟል። ዘይትና ውሃ ይሳሳባሉ፤ ውሃ ከውሃ ጋር ያለው መሳሳብ ግን ይበልጣል። የዘይት ሞለኪውል ውሃ ውስጥ ሲገባ በዙሪያው ያሉት የውሃ ሞለኪውሎች የሃይድሮጅን ትስስሮቻቸውን ላለማጣት ሲሉ በተወሰነ አኳኋን ለመቆም ይገደዳሉ፤ ነፃነታቸው ይቀንሳል። ዘይቶቹ ተሰብስበው ለውሃው የሚያጋልጡት ገጽ ሲያንስ ውሃው ነፃነቱን መልሶ ያገኛል። የሚያሰባስባቸው ይኸው ነው። የሴሎቻችን ሽፋን የቆመውም በዚህ ነው፤ ውፍረቱ ከአምስት ናኖሜትር የማይበልጠው ይህ ድርብ የቅባት ንጣፍ፣ አንዱን ቅባት ከጎረቤቱ ጋር ያሰረ አንድም ኮቫለንታዊ ትስስር የለውም። ቅባቶቹ በየቅጽበቱ ቦታ እየተለዋወጡ ሽፋኑ ግን እንዳለ ይኖራል። «ሕይወት የቆመችው በጠንካራ ትስስሮች ላይ ነው» ላለ ሰው ይህ ሽፋን ከባድ ጥያቄ ነው።

ስለ ፋብሪካ ቫይታሚን የተባለው በከፊል ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ፍሪድሪሽ ቮለር በ1828 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያን ያለ ኩላሊት በቤተ ሙከራ ከሠራ ወዲህ፣ ሞለኪውል ማን እንደሠራው የሚናገር ማኅተም እንደሌለው ይታወቃል፤ አተሞቹና ቅርጹ አንድ ከሆኑ ሞለኪውሉ አንድ ነው። የብርቱካን ቫይታሚን ሲና የፋብሪካው ቫይታሚን ሲ አንድ ናቸው፤ ብርቱካኑ የሚበልጠው አብረውት ባሉት ሌሎች ነገሮች ነው። ጸሐፊው ቫይታሚን ኢን ጠቅሶ ቢሆን ኖሮ ግን የተሻለ መከራከሪያ ያገኝ ነበር። ተክል የሚሠራው አንድ ቅርጽ ብቻ ያለውን ሲሆን፣ ፋብሪካ በተለመደው መንገድ የሚያወጣው እንደ ግራና ቀኝ እጅ በአቀማመጥ ብቻ የሚለያዩ ስምንት ቅርጾች ቅልቅል ነው፤ ሰውነትም እኩል አይቀበላቸውም። እዚህም ቢሆን ልዩነቱን ያመጣው የፋብሪካነቱ ጉዳይ ሳይሆን ቅርጹ ነው።

ወደ እንቁላሉ ስመለስ፣ «ሲቀቀል የፕሮቲኑ ሰንሰለት ይበጣጠሳል» የሚለውን ማንም ሰው ምጣዱ ላይ ሊፈትነው ይችላል። የእንቁላል ነጭ ከመቶው 10 እጅ ገደማ ፕሮቲን ሲሆን የቀረው ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ጠርዙ ወተት መምሰል ይጀምራል፤ ወደ 80 ሲጠጋ ሁሉም ይጠጥራል፤ ሲቆረጥ ግን ያ ሁሉ ውሃ አይፈስስም። ሰንሰለቶቹ ተበጣጥሰው ቢሆን ኖሮ ነጩ ይቀጥን ነበር እንጂ አይጠጥርም፤ የተቆራረጠ ክር ውሃ የሚይዝ መረብ አይሆንም። የሆነው ተቃራኒው ነው። እንደ ክር ኳስ ተጠቅልሎ የነበረው እያንዳንዱ ፕሮቲን ቅርጹን የያዙለት ደካማ ትስስሮች በሙቀት ሲፈቱ ይዘረጋል፤ የተዘረጉት ረጃጅም ሰንሰለቶች ደግሞ እርስ በርስ ተጠላልፈው፣ አንዳንዶቹም በዳይሰልፋይድ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ። አይብ ሲወጣም የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በእርጎው ውስጥ ያለው አሲድ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ላይ ያሉትን የሚገፋፉ ቻርጆች ያስወግዳል፣ አሬራው ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ ፕሮቲኑ ተሰብስቦ ከአጓቱ ይለያል፤ የተቆረጠ ሰንሰለት ግን የለም ማለት ይቻላል።

አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘው የፔፕታይድ ትስስር በዚህ በቀላሉ አይበገርም። ኬሚስቶች ፕሮቲንን ሙሉ በሙሉ ለመሰባበር ሲፈልጉ ኃይለኛ (6 ሞላር) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ በ110 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ያቆዩታል። ያለ አሲድና ያለ ኤንዛይም፣ በተራ ውሃ ውስጥና በክፍል ሙቀት፣ ግማሹ ለመበጠስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅበታል። የአሥር ደቂቃ ቅቀላ እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። ሰንሰለቱን የሚቆራርጡት የሆዳችን ፔፕሲንና የቆሽታችን ትሪፕሲን ናቸው፤ እነሱም ከተጠቀለለ ይልቅ የተዘረጋ ሰንሰለት ይቀናቸዋል። ለዚህም ነው በሰዎች ላይ በተደረገ ልኬት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን ወደ 90 በመቶ፣ ከጥሬው ግን ወደ 50 በመቶ ብቻ ሲፈጭ የታየው።

የጥሬው እንቁላል ጉዳት በዚህ አያበቃም። በነጩ ውስጥ አቪዲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ይይዘውና ለአንጀት አይለቅም። የሚይዘው ግን በአንድም ኮቫለንታዊ ትስስር አይደለም። በሃይድሮጅን ትስስሮችና በሌሎች ደካማ መሳሳቦች ብቻ ነው፤ በቅርጽ ግን እንደ እግርና ጫማ ስለተገጣጠሙ ከአንድ አቪዲን ላይ ባዮቲኑ በራሱ ጊዜ እስኪላቀቅ ወራት ይፈጃል። ጽሑፉ እዚህ ግባ የማይባል ያለው ትስስር ተባብሮ ሲቆም ይህን ያህል ይይዛል። እንቁላሉ በደንብ ሲበስል አቪዲኑ ቅርጹን ያጣል፣ ባዮቲኑም ነፃ ይሆናል። አንድ ጥሬ እንቁላል ማንንም በባዮቲን እጥረት አይጥልም፤ በየቀኑ ለሕፃን ልጅ ይሰጥ የሚል ምክር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ተሕዋስ የሚያመጣው አደጋ ደግሞ ለአንዲቷም ጥሬ እንቁላል የሚነሣ ነው። ጸሐፊው ሌላው ሁሉ ቢቀርበት እንኳ ይህን የመጨረሻ ምክሩን ቢሰርዘው ደስ ይለኛል፤ ጽሑፉን አንብባ በማግሥቱ እንቁላልና ወተት የመታች እናት አትጠፋም።